ከመጫንህ በፊት ጠይቀኝ

በዚያ ዓመት ዝናቡ አራት ወር ሳያባራ ጣለ። ከዝናቡ ጋር የሳንባ በሽታ ገባ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ሞቱ፤ ቀጥሎ የልጆች እናቶች። ድልድዩ ስለፈረሰ የድንጋይ መኪና የሚመጣው በወር አንዴ ነበር። እኔ የመቃብር ድንጋይ ላይ ስም የምቀርጽ ሰው ነኝ። በዚያ ክረምት መቶ አርባ ስም ቀረጽኩ። መቶ ሦስተኛው የሚስቴ ነው። ስለ ክረምቱ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በራሴ ገንዘብ አንድ ጥቁር ድንጋይ ገዛሁ። ለአስተማሪዬ ነው። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ስመጣ መሮ አያያዝ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ፊደል እንኳ በደንብ የለየሁት በእሳቸው ድንጋይ ላይ ነው። ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ከቀራጺው ሌላ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያላነበበው ነገር አይቀረጽም። "የቀራጺ ዓይን ያሰበውን እንጂ የተጻፈውን አያይም" ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ከስሙ ሥር ያለችው መስመር የምትሰመረው ድንጋዩ መቃብሩ ላይ ከቆመ በኋላ ነው፤ በእጅ።

የተቀበሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በቆመበት፣ "ድንጋያቸውን እኔ እቀርጻለሁ" ብዬ ነበር። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ ዛሬ የእገሌ ነገ የእገሊት ይቅደም እያልኩ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። መቃብራቸው ላይ የቆመው የእንጨት ምልክት ሁለት ጊዜ በስብሶ ሁለት ጊዜ ተቀየረ።

ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ቂም አልያዙብኝም፤ መሮውን ግን ያዙብኝ። አስተማሪዬ መሮዋቸውን ለእኔ ተናዘው ነበር። እትዬ "ድንጋዩን ስትተክል ትወስዳለህ" አሉኝ፤ አለቀ። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይለክፉኛል።

"አንተ ልጅ!" ይሉኛል፤ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። "እኔም እስክሞት እየጠበቅክ ነው አይደል? ሁለታችንንም ባንድ ድንጋይ ልትገላገል!"

አሁን የምሠራው በመሮ አይደለም። እጄ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ልጄ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ መቅረጫ ማሽን ገዛችልኝ። ልጄ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ይታሰራል፤ ጫፏ አልማዝ የሆነ መርፌ እየተሽከረከረች ትወርዳለች፤ እንዳትግል ውሃ ይንጠባጠብባታል። ወዴት እንደምትሄድ የሚነግራት ኮምፒውተሩ ነው። በመሀላቸው የኮምፒውተሩን ቋንቋ ለማሽኑ የምታስረዳ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ልጄ ስሟን ነግራኛለች፤ እኔ ግን አስተርጓሚዋ እላታለሁ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ የሚሰማው የድሮዋን አስተርጓሚ ብቻ ነው።

የአስተማሪዬን ድንጋይ አስሬ ማሽኑን አስነሳሁ። መርፌዋ ሦስተኛው ፊደል ላይ ስትደርስ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። "አዲስ ነገር በመጫን ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን አያጥፉ" ይላል። ማን ጠየቀኝ? ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ራሱን አበራ። ትእዛዝ የተቋረጠባት መርፌ ባለችበት እየተሽከረከረች ትቆፍር ጀመር። ሮጬ ሶኬቱን እስክነቅል ድንጋዩ እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ደግሞ ማሽኑን አላውቀውም አለ፤ አዲሱ ነገር ሲገባ አስተርጓሚዋን አስወጥቷታል። ልጄ የድሮዋን ፈልጋ እስክታመጣ ሦስት ሳምንት ቆምኩ። በዚያ ክረምት፣ ሰው ደጄ ላይ ተሰልፎ።

"ይሄን ነገር ከላዬ ላይ አንሺልኝ" አልኳት።

ምርጫዎቹ የተደረደሩበትን ገጽ ከፈተችልኝ። የላይኛው "በራስህ ጫን" ይላል። የታችኛው "ከመጫንህ በፊት ጠይቀኝ" ይላል። የታችኛውን በራሴ ጣት ነካሁ።

"እሺ አባዬ" አለች። "ግን ሲጠይቅህ መልስ መስጠት አለብህ። ቫይረስ የሚገባበት ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍኑት በዚህ ነው። የሚጫነውን ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ ትጽፋለህ።"

የመጀመሪያውን መስመር እሷ ጻፈች። አስተርጓሚዋን በፍላሽ ቀድታ መሳቢያዬ ውስጥ አኖረችልኝ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሲጠይቀኝ እመልስ ነበር። በጠየቀኝ ቁጥር "በኋላ" እለዋለሁ።

ሠላሳ ሁለት ወር እንዲህ ሄደ፤ ለአስተማሪዬም ሌላ ድንጋይ አልገዛሁም።

ባለፈው ወር እትዬ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ከመካነ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ያ ክረምት ቦታውን ስለሞላው ሃያ ዓመት የሞላቸውና ድንጋይ የሌላቸው መቃብሮች ተደልድለው ለሌላ ሰው ይሰጣሉ ይላል።

"የእሳቸው ሃያ ዓመት መቼ እንደሚሞላ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ንገረኛ።"

"የዛሬ ሃያ ቀን።"

"አቤት ሒሳብ ስትችል!" ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ስማ። አርባ ዓመት አብሬያቸው ተኝቻለሁ። አሁን የማላውቀውን ሰው አልጋቸው ላይ አላስወጣም።"

በዚያው ቀን ድንጋይ አዘዝኩ። አሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ሰባት ቀን ቀረኝ። ድልድዩ ገና ስላልተሠራ የሚቀጥለው መኪና የሚመጣው በወሩ ነው። አንድ ድንጋይ፣ አንድ ዕድል።

የምሠራበት ግቢ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች አሉት። ከእኔ ቀጥሎ ፎቶ አንሺዋ አለች። የሁላችንም ኢንተርኔት በአንድ መስመር ነው የሚገባው። መስመሩን የሚቆጣጠር ሰው አለ፤ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ገመድ ስለማይጠፋ ግቢው ኬብል ይለዋል። በዚያው ሳምንት በየበሩ ወረቀት ለጠፈ። "በግቢው መስመር ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ አውቶማቲክ አፕዴት ላይ ይሁን። ያልሆነ መስመሩ ይቆረጣል።" አነበብኩት። ጀርባው ባዶ ስለነበር የድንጋዩን ልኬት ጻፍኩበት።

ድንጋዩ በመጣ ማግስት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገባሁ። ያ ድንጋይ ከተሰነጠቀ ወዲህ አንድ ልማድ አለኝ። ማሽኑን ከማስነሳቴ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ እስክጨርስ ድረስ ስክሪኑን አያለሁ። ውሃው ሳያልቅ ከጥግ በኩል አንድ ጽሑፍ ወጣ። "ኮምፒውተሩ ዛሬ በስድስት ሰዓት ራሱን ዘግቶ ይነሳል።"

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። የምርጫውን ገጽ ከፈትኩ። ምልክቱ ከታች ወደ ላይ ወጥቷል። "በራስህ ጫን።" ትናንት በር ላይ ድንጋዩን ከመኪና ሳስወርድ አንድ ሰው ክፍሌ ገብቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ድንጋይ ለመቅረጽ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ያን ጠዋት ዝም ብዬ ብጀምር ኖሮ ኮምፒውተሩ መሀል ላይ ይጠፋብኝ ነበር።

ወጥቼ ተጣራሁ። "ኬብል!"

ከፎቶ አንሺዋ ክፍል ብቅ አለ። "ደህና አደሩ ጋሼ።"

"ኮምፒውተሬን ነክተሃል?"

"አዎ፣ አስተካክዬልዎታለሁ። ለደህንነትዎ ነው።"

"ለደህንነቴ ከሆነ እኔ በሌለሁበት ለምን?"

"ቢኖሩ እሺ አይሉኝማ!"

ፎቶ አንሺዋ ከውስጥ ሳቀች። ኬብልም ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅኩም።

"ጋሼ፣ ይቺን ጎረቤትዎን ይዩዋት። አንድ ቀን አፕዴት አድርጋ አታውቅም። አምና ቫይረስ ገብቶ የሦስት ዓመት ሥራዋን በላው። የስንት ሙሽራ ፎቶ ጠፋ።"

"ሙሽሮቹስ ድጋሚ ይነሳሉ" አለች ፎቶ አንሺዋ ከውስጥ። "ግማሾቹ ተፋተዋል እንጂ።"

"የእኔ ድንጋይ ድጋሚ አይነሳም" አልኩ። "ና ግባ፤ ላሳይህ።"

ገባ። የተሰነጠቀው ድንጋይ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ አልጣልኩትም። ሦስተኛው ፊደል ላይ ያለውን ጉድጓድ አሳየሁት። ጣቱን ከተተበት። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

"ይሄን ያደረገው ያንተ አውቶማቲክ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ አንብቤ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ በእጄ ነው የምጭነው።"

"በእጅዎ ይጭናሉ?"

"ደብተር አለኝ።"

ደብተሩን እንዳነሳሁት ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ኬብል ተቀብሎ ገለጠ። የመጀመሪያው መስመር የልጄ ጽሕፈት ነው። ሌላው ባዶ። ገጹን ገለበጠ፤ ባዶ። ቀኑን ቆጠረ።

"ጋሼ፣ ሠላሳ ሁለት ወር! ይሄ በእጅ ነው እንዴ? በእጅዎ እጅዎን አጣጥፈው ነው የተቀመጡት።"

ልጄን ደወልኩላት፤ እሱም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩ። የሆነውን ነገርኳት።

"መጀመሪያ ሰውየው" አለች። "ሳይፈቀድለት መግባቱ ነውር ነው።" ኬብል አንገቱን ደፋ። "ሁለተኛ አንተ። አባዬ፣ በእጅ ማለት አለማድረግ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብህ። በልጡ ስትደነግጥ እውነተኛው እባብ በኋላ በር ይገባል።"

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ሁለት መንገድ አለህ። ለሳምንት ማዘግየት ትችላለህ፤ ድንጋይህን ትቀርጻለህ። ወይ ዛሬ ራስህ ጭነህ፣ ሞክረህ፣ ነገ ትቀርጻለህ። አስተርጓሚዋን ካስወጣት ፍላሹ መሳቢያህ ውስጥ አለ።"

"ፍላሹ ባይሠራስ?"

"እሱን ቃል አልገባልህም።"

ባዘገይ ድንጋዩ ይደርሳል፤ እርግጥ ነው። "በኋላ" የምትለዋ ቁልፍ ስክሪኑ ላይ እዚያው ነበረች። እጄ ወደ እሷ ሄደ። ሠላሳ ሁለት ወር ለምዷታል። ከዚያ በፊትም አሥራ ሰባት ዓመት ሌላ "በኋላ" ስል ነበር። እጄን መለስኩ።

"ኬብል፣ ደብተሩ ላይ ልክ ነህ" አልኩት። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ምርጫው ግን ያንተ አይደለም።"

ምልክቱን ከላይ ወደ ታች መለስኩት። ከመጫንህ በፊት ጠይቀኝ። ዓይኑ እያየ።

"ጋሼ፣ መስመሩን ለመቁረጥ እገደዳለሁ።"

"ቁረጥ። የደንበኞቼን ትእዛዝ በደብዳቤ እቀበላለሁ። ካልሆነም እዚህ በር ላይ ቆሜ እጣራለሁ። ከመቁረጥህ በፊት ግን ቁጭ በልና ሥራዬን እይ። ከቆረጥክም አይተህ ቁረጥ።"

ገመዱን ከትከሻው አውርዶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የስሞቹን ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ፍላሽ ቀዳሁ። ከዚያ የሚጫኑትን ነገሮች ዝርዝር ከፈትኩ። አሥራ ሰባት ናቸው።

"አንብብልኝ" አልኩት።

"እኔ?"

"ከቀራጺው ሌላ ሰው ነው የሚያነበው። ድምፅህን ከፍ አድርግ።"

አነበበ። ያልገባኝን አስረዳኝ፤ በደንብ ያስረዳል። አሥራ ሁለቱ የቀዳዳ መድፈኛ ናቸው። አራቱ የማልጠቀምባቸው ጌጣጌጦች ናቸው፤ አንዱ የአየር ሁኔታ የሚነግር ነው። መስኮት አለኝ አልኩት። እነሱን ተውናቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ድምፁ ቀነሰ። "ከአሮጌ ማሽኖች ጋር ያለውን ግንኙነት ያድሳል።"

"ድገመው።"

ደገመው። ይሄ ብቻውን ይቅር ብንል ኮምፒውተሩ እምቢ አለ፤ ከቀዳዳ መድፈኛዎቹ ጋር ታስሯል። ራሴ "ጫን" የሚለውን ነካሁ። ማሽኑ ጠፍቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ የለም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀ። የኬብል ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አላነሳም።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። የተሰነጠቀውን ድንጋይ አንስተን ጠረጴዛው ላይ አሰርነው። ማሽኑን አበራሁ። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም። ስክሪኑ ላይ "ማሽን አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ መጣ።

ኬብል ማጅራቱን አሸ። ፎቶ አንሺዋ በሩ ላይ ቆማለች።

"አሁን መሀል ላይ ብትሆን ኖሮ..." አለ ቀስ ብሎ።

"ስድስት ሰዓት ላይ" አልኩ። "ልክ በዚህ ሰዓት።"

ፍላሹን ከመሳቢያ አወጣሁ። የድሮዋን አስተርጓሚ ጫንኩ፤ ኮምፒውተሩ አልፈልጋትም አለ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ እምቢ። ስድስት ቀን ነበር የቀረኝ። ኬብል ተነስቶ፣ "ጋሼ፣ ይፈቅዱልኛል?" አለ።

"እሱን ነበር ትናንት የምትለው" አልኩት። "ፈቅጃለሁ።"

አንድ ገጽ ከፈተ፤ አንድ ምልክት አነሳ፤ ለእኔ አሳይቶኝ እሺ ካልኩ በኋላ ነው የነካው። በሦስተኛው ገባች። መርፌዋ ተንቀጠቀጠችና ዘንጓን ተከትላ ተንሸራተተች። በተሰነጠቀው ድንጋይ ጥግ ላይ አንድ ጣት የምታክል መስመር ጻፈች። ቀጥ ያለች።

ደብተሩን አምጥቼ ጻፍኩ፦ ቀኑን፣ የተጫነውን፣ የተተወውን፣ የተሰበረውን፣ የተጠገነበትን መንገድ። ግማሽ ገጽ ሞላ። ኬብል አንብቦ ገመዱን ትከሻው ላይ መለሰ።

"መስመሩን አልቆርጥም። ደብተሩን ግን በየወሩ መጥቼ አየዋለሁ።"

"ና እይ። አትንካ።"

በማግስቱ ጠዋት እትዬ መጡ። ሊቀረጽ ያለውን በወረቀት አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አጥርተው ጮክ ብለው አነበቡ። ስሙን አነበቡ፤ የአባታቸውን ስም አነበቡ። የልደት ዓመቱ ላይ ሲደርሱ ሳቅ አፈናቸው።

"ይሄ ውሸት ነው።"

"እሳቸው ናቸው የነገሩኝ!"

"ለእኔም እንዲሁ ነግረውኝ ነው ያገቡኝ። አራት ዓመት ቀንሰዋል። ያወቅኩት ከሰርጉ በኋላ ነው፤ በሕይወት እያሉ ደብቄላቸው ኖሬያለሁ። ድንጋይ ላይ ግን አይዋሽም። አስተካክለው።"

አስተካከልኩት። ከዚያ ወደ ተሰነጠቀው ድንጋይ አየሁ። ያኔ ላስደንቃቸው ብዬ ሳላስነብባቸው ነበር የጀመርኩት። በገዛ ባላቸው ስም ላይ ሳልጠይቃቸው። ድንጋዩ ባይሰነጠቅ ኖሮ ውሸቱ ዛሬ መቃብር ላይ ቆሞ ነበር። ኮምፒውተሩን ግን አላመሰግነውም። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ እኔ ነኝ ማወቅ የነበረብኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ለምኑ?"

"ለመጀመሪያው።"

ወደ ድንጋዩ አይተው ወደ እኔ አዩ። "ሥራህን ሥራ" አሉ።

አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። ውሃው አለቀ፤ ምንም አልወጣም። ማሽኑን አስነሳሁ። መርፌዋ ወረደች፤ ውሃው ተንጠባጠበ። አንደኛ ፊደል። ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ እትዬ ወንበራቸውን አስጠጉ። እኔም እጄን ሶኬቱ ላይ አደረግኩ። ሦስተኛው አለፈ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሁለታችንም ከዚያ ክፍል አልወጣንም። አንድም ነገር ራሱን አላጠፋም፤ አንድም ነገር ራሱን አላበራም።

ሃያ ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ድንጋዩን መቃብሩ ላይ አቆምነው። ሲሚንቶው እስኪይዝ ጠበቅን። የጽሕፈት ቤቱ ሰው መጥቶ አየና ከመዝገቡ ላይ የመቃብሩን ቁጥር ሰርዞ ሄደ። እትዬ ከቦርሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። መሮው ነው። እጀታው የአስተማሪዬን አውራ ጣት ቅርጽ እንደያዘ ነው።

ተንበረከክኩ። መሮውን ከስሙ ሥር አስደግፌ በመዶሻ መታሁ። እጄ ተንቀጠቀጠች። መስመሯ መሀል ላይ ጎበጠች።

"ጎበጠችብኝ" አልኩ።

እትዬ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ተከተሏት። "እሳቸውም ጎባጣ ነበሩ" አሉ። "ተዋት።"

መሮውን በጨርቁ ጠቅልዬ ልመልስላቸው ዘረጋሁ። እጄን ገፉት።

"ያንተ ነው። እዳህን ከፍለሃል።"